ዕጣ ያልወጣላቸው ሠላሳ ሰፊዎች

"ስልጠናው ያመጣው ለውጥ... ዜሮ ነው!"

ልጁ ይህን ሲል አሰልጣኙ አባቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ነበር።

ቆይ... ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባትየው በአንድ ሸሚዝ ፋብሪካ ሰፊዎችን ማሰልጠን ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያች ደሞዝ ልጃቸውን ስታትስቲክስ አስተማሩት። ተመርቆ እዚያው ፋብሪካ የጥናት ባለሙያ ሆነ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራው።

"ይሄ ስልጠና ድርጅቱን ምን ጠቀመው? በቁጥር አሳየኝ።"

ልጁ ስልሳ ሴት ሰፊዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሠላሳው ይሰለጥናሉ... ሠላሳው አይሰለጥኑም። ከሦስት ወር በኋላ የማን ሸሚዝ ተበላሽቶ እንደሚመለስ ይታያል።

ከዚያ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ "ዕጣ ካልወጣላቸው አንዷ ተደብቃ ስትማር ብትገኝ ትባረራለች።"

ጥናቱ እንዳይበላሽበት እኮ ነው!

ሦስት ወር ሞላ... ጉድ በሉ! የሁለቱም ቡድን ብልሽት እኩል በግማሽ ቀነሰ።

"ያልሰለጠኑትም እኩል ከተሻሻሉ፣ ለውጡ የስልጠናው አይደለም" አለ ልጁ በስብሰባው ላይ። "በቅርቡ ክር ቀይረናል። ክሩ ነው። አሰልጣኝ አያስፈልገንም።"

ሥራ አስኪያጁ እንኳ ደንገጥ አለ።

"አባትህ እኮ ናቸው..."

"ቢሆኑስ? ቁጥር ዘመድ አያውቅም።"

አባትየው መቀስና ሜትራቸውን ሰብስበው ወጡ።

ልጁ የክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። አንጀቴ እርር አለ!

ከወር በኋላ... ካልሰለጠኑት አንዷ ሥራ ልትለቅ ዕቃዋን ስትሸክፍ አገኛት።

"ምነው? አዲሱ ክር ተመችቷችሁ አልነበር?"

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች።

"የምን ክር አመጣህብኝ? ያስተማሩን አባትህ ናቸው! በየቀኑ ምሳቸውን ትተው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን በር ዘግተው... 'ዕጣ ስላልወጣላችሁ ልትቀሩ ነው እንዴ ልጆቼ?' እያሉ። እኔ እንደሆነ ለቅቄያለሁ፤ ከእንግዲህ አልፈራህም።"

ልጁ ክው አለ። እየሮጠ ቤት ሄደ።

አባትየው የጎረቤት ሱሪ እያሳጠሩ ነበር።

"አባዬ! ለምን አልነገርከኝም?"

ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

"ብነግርህ ሴቶቹን ታባርራቸው ነበር።"

"እንዴት እንዲህ ታስብብኛለህ? እኔ እኮ..."

"እኔንስ አባረርከኝ አይደል?"

አለቀ መሰላችሁ? አላለቀም!

በማግስቱ ልጁ ቢሮው ገብቶ ሪፖርቱን ከፈተ። ሁለት መስመር ቢጨምርበት አባቱ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ግን ሹመቱስ?

አየው... አየውና... ዘጋው።

ዛሬ አዲስ የሚቀጠሩትን የሚያሰለጥን የለም። የሚመለሰው ሸሚዝ መጋዘኑን ሞልቶታል። ልጁ ለሥራ አስኪያጁ ምን ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ ጥሩ ነው?

"የክሩ ጥራት ወርዷል።"

ወዳጆቼ... ቁጥሩ ልክ ነበር። ግን በሰው ላይ ከመፍረድህ በፊት ወርደህ ሰዎቹን ጠይቅ። አለማወቅ ስህተት ነው፤ ካወቅህ በኋላ ዝም ማለት ግን ክፋት ነው።

እናንተስ በልጁ ቦታ ብትሆኑ ሪፖርቱን ታርሙት ነበር... ወይስ ሹመታችሁን ይዛችሁ ዝም?

እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... አባታችሁ አያዩትም።