የመሰላሉ መውጫ

ሰውየው ከሳሙና ፋብሪካው መጋዘን ጣሪያ ሥር ሲወድቅ መሰላሉም አብሮት ወደቀ። መሰላሉ ምንም አልሆነም። የፋብሪካው መኪና ሥራ አስኪያጁን ይዞ ለቅሶ ሄዷል፤ ስለዚህ አራት ሠራተኞች ሰውየውን እዚያው መሰላል ላይ አስተኝተው፣ በገመድ አስረው፣ ጤና ጣቢያ ሊያደርሱት ተሸከሙት። መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ከማሸጊያ ክፍል የመጣችው ዘነበች ፀሐይ እንዳይመታው ፊቱን በሻሿ ሸፈነችለት።

በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰውየው ይውጣ። መሰላሉ ግን የፋብሪካው ንብረት ነው፤ መውጫ ወረቀት አምጡ።»

«ጋሼ፣ ወገቡ ተሰብሯል እኮ! ከመሰላሉ ካወረድነው ይሞትብናል!» አለች ዘነበች።

«ልጄ፣ ባለፈው አንዲት አካፋ ብታመልጠኝ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። አሁን ከደገምኩ መባረሬ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው ይፈርምና በሩን እኔው ራሴ እከፍታለሁ።»

ዘነበች ሻሿን ከሰውየው ፊት ላይ ገለጥ አደረገች።

«ይኸው፣ ያስፈርሙት።»

ጋሽ ሽብሩ ክው አሉ። ማስጠንቀቂያውን የጻፈባቸው የንብረት ክፍል ኃላፊው ራሱ ነው። ትንሽ አሰቡና ከጥበቃ ቤቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተመለሱ። የሰውየው ጣቶች ግን እየተንቀጠቀጡ እስክሪብቶውን አልይዝ አሉ።

«ግድ የለም፣ አሻራም ይሆናል» ብለው የማኅተም ቀለም ሊያመጡ ገቡ። ቆየት ብለው ወጡና አውራ ጣቱን ይዘው መጀመሪያ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫኑት።

አሻራው ምንም ሳይንቀጠቀጥ ጥርት ብሎ ወጣ።

ጋሽ ሽብሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«በሉ ሩጡ!» አሉ። «ሰው እንዳይሞትባችሁ።»