አንድ እግር ጫማ

«ተንበርከኪ እንጂ፣ ሃዳ ኢቢሴ» ትለኛለች የጸሎት መሪያችን አዴ ወርቂቱ። እዚህ ነቀምቴ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ በልጄ ነው፣ የኢቢሴ እናት እያለ። ሸዋገነት የሚለው ስሜ የቀረው በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፊርማ ወረቀት ላይ ነው።

«አዴ፣ ልብ ወለድ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ልብ ወለድ ነው። አሁን ተንበርከኪ።»

እንበረከካለሁ። የሰፈራችን የእናቶች ጸሎት ኅብረት ስድስት ሴቶች ናቸው፤ ስድስቱም ከእሑድ አምልኮ ቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጥተዋል። ጭቃ የበላው ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው በካልሲ ከበውኛል። ኢቢሴ ጥግ ላይ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ስምንት ዓመቷ ነው።

እኔ የምጽፈው በአፌ ነው። ምን ላድርግ፣ እጄ ከሳሙና አይወጣ! ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቆምና ታሪኩን እያወራሁ እቀዳለሁ። ከዚያ በቴሌግራም ለራሴ እልከዋለሁ፤ የተማሪ ደብተር አርሜ ስጨርስ ወረቀት ላይ እገለብጠዋለሁ። ሰባት ታሪክ እንዲህ ጽፌያለሁ። ትናንት ግን አረፋ በነካው ጣቴ የላክሁት ለራሴ ሳይሆን ለጸሎት ግሩፑ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የጣቱ ይኸው በጸሎት ይታሻል።

ቅጂው አራት ደቂቃ ነው። አንዲት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ተመልሳ ሳህን ታጥባለች፤ ጥቁር ጫማዋን አድርጋ መናኸሪያ ትሄድና የአዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ትቀመጣለች። «እኔ» እያለች ነው የምትተርከው፤ ድምፁ ደግሞ የኔ ነው። «ጉቴ ከተማን ሳልፍ ልጄን አላሰብኳትም» ትላለች። እዚያ ላይ ከኋላ ኢቢሴ እናቷን ስትጠራ ይሰማል፦ «አዮ፣ ወጡ ገነፈለ!»

አዴ ወርቂቱ ስልኳን አውጥታ እንደገና ከፍታዋለች፤ ለማረጋገጥ ነው ብላ። ልጄ ፊት። ለእሷ አዲስ አልነበረም፤ ኢቢሴ ትናንትም ስቀዳ አጠገቤ ነበረች።

ባሌ ገላና ወደ ዲጋ ለቅሶ ሄዷል። ቅጂው እሱም ዘንድ ደርሶ ሰምቶታል። ጠዋት ደውሎ «ቁርስ በላችሁ?» አለኝ። በላን አልኩት። ዘጋው።

«ዋቃዮ፣ አምላኬ ሆይ!» ትላለች አዴ ወርቂቱ፣ እጇን ራሴ ላይ ጭና። «የመሄድን መንፈስ ከዚህ ቤት አስወጣ!»

«አሜን!»

እጇ ከባድና ሞቃት ነው። ማፈር ነበረብኝ፤ ቢያንስ መናደድ። የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ይመስል ውስጤ ምንም አይሰማውም። ይሄ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ከርሟል። ሁሌ ስለምስቅ ማንም አያውቅብኝም። ጸሎቱ በኦሮምኛ ሲቀጥል እኔ የማስበው የታሪኬን ሴትዮ ነው፤ ትመለስ አትመለስ ገና አልወሰንኩም።

«አዮ» ትላለች ኢቢሴ፣ ጸሎቱ መሃል። «ሴትዮዋ ትመለሳለች?»

ከሴቶቹ አንዷ ዓይኗን ትገልጣለች።

«ገና አልጻፍኩትም» እላለሁ።

«ወይ ጉድ!» ትላለች አዴ ወርቂቱ። «ትመለሳለች በያታ! ምን ይከብድሻል?»

እውነቷን ነው፣ ምን ይከብደኛል? አፌን እከፍታለሁ። ለልጄ ውሸት ነግሬ አላውቅም ብዬ አይደለም፤ ብዙ ነግሬያታለሁ። ይቺ አንዷ ግን አልወጣ አለችኝ። ኢቢሴ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጉልበቷን ታያለች።

አሜን ተብሎ ያልቃል። ሴቶቹ ተራ በተራ ይስሙኛል፤ ሳምንቱን እንጾምልሻለን ይሉኛል። እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድምና ሁላችንም ወደ ደጃፍ እንወጣለን። ከጫማዎቹ መሃል የኔን እፈልጋለሁ። የጥቁር ጫማዬ ግራው አለ፤ ቀኙ የለም።

ፍለጋ ይጀመራል። በርሜሉ ሥር ይታያል፣ ሶፋው ይነሳል። «ውሻ ወስዶት ይሆናል» ትላለች አንዷ። «ጠላት ነው እንጂ፤ ገና ሳንወጣ ጀመረ!» ትላለች ሌላዋ። ቤቱ ሙሉ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል። ያልተነሳችው ኢቢሴ ብቻ ናት። ቦርሳዋ ላይ እንደተቀመጠች ነው፤ ቦርሳው በአንድ በኩል አብጧል።

እናያያለን። አትፈራም። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ፍርሃት አይደለም፤ ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

«ተዉት፣ ይቅር» እላለሁ። «በነጠላ ጫማ እሸኛችኋለሁ።»

«እስከ የት?» ትላለች ኢቢሴ፣ ቶሎ።

«እስከ አጥሩ።»

«እስከ አጥሩ ብቻ?»

«እስከ አጥሩ ብቻ።»

የላስቲክ ነጠላ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ እየተነከረ ይጮሃል። አዴ ወርቂቱ ክንዴን ይዛ ስለ ፈተና ታወራኛለች፤ «ኤ»፣ አዎ፣ እላታለሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ልጁ ጫማውን የደበቀበት ሰው ያለቅሳል። የመጣልኝ ግን ዓረፍተ ነገር ነው። «ልጅቷ አንድ እግር ጫማዋን ደበቀችባት።» ከንፈሬ ሳላዘው ይደጋግመዋል፤ እጄም ስልኩን ኪሴ ውስጥ አግኝቶታል።

ሴቶቹን አሰናብቼ አጥሩን ይዤ እቆማለሁ። ወደ መናኸሪያው የሚወርድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ ያየኛል። ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፤ ያልፋል።

ዞር ስል ኢቢሴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። በእሑድ ምድር፣ ጎኑ ያበጠውን ቦርሳዋን አዝላ፣ ማንገቻውን በሁለት እጇ ጨብጣ።