አርባ ሦስተኛዋ መጽሐፍ

አፈወርቅ የመሐል ሜዳ ሰው ነው፤ ፎቶ አንሺ። ዘንድሮ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮት በየደብሩ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ገጽ በገጽ እያነሳ ክላውድ ላይ ይጭናል። ከቀየት ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የምትርቀው ደብር ዘጠነኛዋ ነበረች።

ዕቃ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ መጻሕፍቱ ሦስት ሦስት እየሆኑ ወደ ቄሰ ገበዙ ግቢ ይወጡ ነበር። ገበዙ ቄስ ወልደ ጻድቅ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ ቅጠሉን ንፋስ እንዳይገለብጠው ጥግ ጥጉን በአውራ ጣታቸው ይይዛሉ። ጣቱ ፎቶው ውስጥ እየገባ ቢያስቸግርም አፈወርቅ እንዳለ አነሳው፤ የመንዝ ንፋስ ከጣት ይብሳል።

«ይሄ ክላውድ የምትለው ምንድነው?» አሉ ገበዙ።

«ሩቅ አገር ያለ ጎተራ በሉት፣ አባ። ዘር ሁሉ በአንድ ጎተራ ይቀመጣል እንዴ?»

«ዋናው ቢጠፋስ?»

«ቢቃጠልም ቢሰረቅም አይጠፋም። የፈለገ ሰው ከፍቶ ያነበዋል።»

ገበዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ጌታነሽ ቅጠሉን ገለጡ።

የመጨረሻዋ፣ አርባ ሦስተኛዋ፣ መዳፍ የምታክል ውዳሴ ማርያም ናት። ንብረትነቷ የደብሩ ቢሆንም አርባ ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ቤታቸው አምጥተው የደገሙባት ገበዙ ናቸው። በቃላቸው ያውቋታል፤ ግን ሳይገልጧት ደግመው አያውቁም። አፈወርቅ ሐሙስ ከሰዓት አንስቶ ጨረሳት። ወይዘሮ ጌታነሽ ከብት ሊያስገቡ ሄደው ስለነበር ማንም ሳያይ ለገበዙ በእጃቸው መለሰላቸው። ከዚያ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ጫናትና ወደ አገሩ ገባ።

ዓርብ ጠዋት ገበዙ ከመኝታቸው አልተነሡም። አልታመሙም ነበር፤ ዝም ብለው ሞቱ።

ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ወይዘሮ ጌታነሽ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ፤ ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው። አላለቀሱም። ቤት ገብተው መሬት በተነጠፈው የበግ ጠጉር ባና ላይ ተቀመጡ፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ቀና ብለው አያዩም።

በሣልስቱ ቁልፉ ለደብሩ ተመለሰ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ጫኔ መጻሕፍቱን ቆጠሩ፤ አርባ ሁለት። ደግመው ቆጠሩ፤ ያው አርባ ሁለት።

«ለሐዘንተኛዋ ትንፍሽ እንዳትሉ» አሉ። «ለቅሶ ቤት የሌባ ወሬ አይገባም። አርባው እስኪወጣ ምንም አይስሙ።»

የአገሩ ደንብ ነው፤ ደግ ደንብም ነው። ሰው ሁሉ አከበረው።

አፈወርቅ ተጠራ።

«በእጃቸው ነው የመለስኩላቸው» አለ።

«ገበዙ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሳያስገቡ አድረው አያውቁም። ምስክርህ ማነው?»

«እሳቸው።»

አቶ ጫኔ ስልኩን ተቀበሉት። ዕድሜያቸው ገፍቷል እንጂ ስልክ አይጠፋቸውም። የመጽሐፏ ፎቶዎች አዲስ አበባ ላለ አንድ ሰው ተጋርተው ነበር። የመጥፋቷ ወሬ በተሰማ ዕለት ደግሞ የሰውየው የማየት ፈቃድ ተሰርዟል።

«ይሄ ማነው?»

«ተመራማሪ ነኝ ያለኝ ሰው ነው። በአካል አላውቀውም።»

መልእክቶቹን ጮክ ብለው አነበቡ። ሰውየው «ስፋቷ ምን ያህል ነው? የት ነው የምትቀመጠው?» ብሎ ጠይቋል። አፈወርቅ አዋቂ ተብሎ መጠየቁ ደስ ብሎት፣ የቁልፉን ቦታ ሳይቀር ጽፎለታል።

«ለምን ሰረዝክበት ታዲያ?»

«ፈራሁ።»

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

አፈወርቅ ሌባውን መንገድ መርቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ አምኗል። ፕሮጀክቱ መጽሐፏ እስክትገኝ ሥራ እንዲያቆም ጻፈለት። የቀሩት ደብሮችም በር ዘጉበት። መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ተናደደ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሰማውም። ሲሰድቡትም ሲያዝኑለትም እኩል ሆነበት።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝት ተነገረ። ካህኑ መስቀሉን ከፍ አድርገው፣ መጽሐፏን በእጁ የወሰደ፣ አውቆም የደበቀ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ ይሁን አሉ። አይቁረብ፤ ሲሞት ፍትሐት አይድረሰው፤ ከዚህ ግቢም አይቀበር።

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

አፈወርቅም አሜን አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ወደ መሐል ሜዳ ከመመለሱ በፊት ለቅሶ ሊደርስ ገበዙ ቤት ገባ። ወይዘሮ ጌታነሽ ብቻቸውን ነበሩ። ባናው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት።

«መጣህ ልጄ?»

«መጣሁ እማማ። እግዚአብሔር ያጥናዎ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ጣታቸውን ወደ ስልኩ ቀሰሩ።

«እስቲ ያችን ትንሿን አውጣልኝ፤ ከጎተራህ።»

የራሱን ቅጂ ስልኩ ላይ አስቀርቶ ስለነበር ከፈተላቸው። ከመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ ጥፍሩ የተሰነጠቀ አውራ ጣት አለ። ወይዘሮ ጌታነሽ የገዛ ጣታቸውን አጠገቡ አምጥተው አስተያዩት። ከቀብሩ ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አንብብልኝ እስቲ። እዚህ ቤት ሳትደገም የዋለችበት ቀን አልነበረም።»

አነበበላቸው። ሦስት ገጽ ሄዶ አቆመ። ስለ ሌባው ሊነግራቸው ከጀለውና ደንቡ ትዝ አለው።

«እንደ ዋናዋ አይሆንም፣ እማማ» አለ ብቻ።

«ዋናዋንማ ከራስጌያቸው አንስቼ ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ከክንዳቸው ሥር ሸጎጥኩላቸው፤ ሳይገልጧት መድገም አያውቁም፤ ይቺኛዋ እንደሁ አትጠፋም ብለሃል።»