ትርንጎ ባሕር ልታይ ስትነሳ

ቄስ መዝገቡ የሚኒባሱን በር በመቋሚያቸው አግደው ቆሙ። «ውረጅ፣ እታለም» አሉ።

ታናሽ እህታቸው ትርንጎ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች እንጂ አልተነሳችም። ጥምቀት ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የደብረ ታቦርን መናኸሪያ ገና ውርጩ አልለቀቀውም፣ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ሚኒባሱ ሞልቷል። ሾፌሩም ሞተር አስነስቷል፤ ግን ቄስ ገፍቶ በር የሚዘጋ የለም።

«አባ፣ እሳቸው ወዴት ሊሄዱ ነው?» አለች ከትርንጎ ጎን የተቀመጠችው ውዴ፣ ሽንኩርት ልትጭን ወደ ይፋግ የምትወርድ ነጋዴ።

«ሞምባሳ» አሉ ቄሱ፣ ቃሉን እንደ በሽታ ስም እየጠሩ። «ኬንያ። ባሕር ዳር ልትቀመጥ።»

«ባሕር ዳርማ ይሄ መኪናስ የት ሊሄድ ነው?»

«ከተማው አይደለም። የጨው ባሕር ዳር።»

ውዴ ወደ ትርንጎ ዞረች። «ለሕክምና ነው?»

«አይደለም።»

«ልጅ አለዎት እዚያ?»

«የለኝም። ለዕረፍት ነው፤ ለማየት።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ቄስ መዝገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስድሳ አንድ ዓመትሽ ነው። ኢየሩሳሌም እሳለማለሁ ብትዪ ጥላ ይዤ እሸኝሽ ነበር። ፈረንጅ ራቁቱን በሚጋደምበት አሸዋ ላይ ምን አለሽ? ውሃ ካማረሽ ጣና አለልሽ።»

«ጣና ጨው የለውም፣ ጋሼ። በቀን ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ሁለት ጊዜ አይመለስም።»

ይህን ያለችው ሠላሳ ስድስት ዓመት ክፍል ውስጥ ስትለው በኖረችበት ድምፅ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። የምሥራቅ አፍሪካን ዳርቻ ዓይኗን ጨፍና በጠመኔ ትስለዋለች፤ ላሙ፣ ማሊንዲ፣ ሞምባሳ፣ ዲያኒ። እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውሃው ያጎነበሰ የኮኮናት ዛፍ፣ ሌሊት እንኳ የማይበርድ ውሃ። ተማሪዎቿ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይሰሟት ነበር። አንድ ቀን ከፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አይተውታል?» አላት።

«አይቼዋለሁ» አለች።

ልጁ የቄስ መዝገቡ ልጅ ሙሉቀን ነበር።

ሙሉቀን ከሰባት ዓመት በፊት በመተማ አድርጎ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ ገባ። ጀልባ ላይ ሊወጣ ሲል ለአባቱ ደወለ። ለአክስቱ የላከው ቃል አጭር ነበር፤ «ለቲቸር ንገሩልኝ፣ እውነቷን ነው፣ ባሕሩ ያምራል።» ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

«ባሕር የእኛን ሰው ወስዶ አይመልስም» አሉ ቄስ መዝገቡ።

«ያ ሌላ ባሕር ነው፣ ጋሼ።»

«ሌላ አይደለም። ልጁን ስታስጠኚው ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። የዓለም ባሕር ሁሉ አንድ ውሃ ነው፣ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው ብለሻል።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ብያለሁ» አለች ትርንጎ። «አንድ ውሃ ነው። የምሄደውም ለዚሁ ነው። ያላየሁትን አይቼዋለሁ ብዬ ዋሸሁት። በእኔ ወሬ ሄደ አልልም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየሄደ ነበር። እሱ ግን በመጨረሻ ያምራል አለ። እውነቱን ይሁን ወይስ እኔን ሊያስደስት፣ አላውቅም። በገዛ ዓይኔ ሳላየው አልሞትም። አሸዋው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እግሬን ውሃው ውስጥ እነክራለሁ፣ አሥር ቀን እንደ ሰው አርፌ እመለሳለሁ። ዛሬ ቢያስወርዱኝ ነገ እሄዳለሁ። ነገም ቢያግዱኝ ከነገ ወዲያ መኪና አለ።»

ቄስ መዝገቡ መቋሚያቸውን ከበሩ ላይ አነሱ። ተሳፋሪው የተሸነፉ መሰለው። እሳቸው ግን ሚኒባሱን ዞረው በመስኮቱ በኩል መጡ። ትርንጎ መስታወቱን ገፋ አደረገችው።

«የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ወልደ ሰንበት ነው።» አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ውሃው ዳር ስትደርሺ ስሙን ጥሪና ነፍሱን ማርልኝ በይ። የስንቱን ፍታት ስፈታ ኖሬ የእሱን አፌ እምቢ አለኝ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ ቄስ መዝገቡ ስለ ልጃቸው «ሲመጣ» እንጂ ሌላ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። ሲመጣ የላዩን ማሳ ያርሰዋል፤ ሲመጣ እድረዋለሁ። ትርንጎ እጃቸውን በመስኮቱ ስባ ሳመችው።

«እጠራዋለሁ» አለች።

ውዴ ተነስታ በሩን ከውስጥ ዘጋችው፤ ሾፌሩም ሞተሩን መልሶ አስነሳ። ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ወረታ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲይዝ ትርንጎ ዞራ አየች። ወንድሟ እስከ አስፋልቱ ተከትለው ወጥተው መንገዱ መሐል ቆመዋል። ባጃጆች ጥሩምባቸውን እያጮሁ በግራና በቀኝ ያልፏቸዋል፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።