ሁለተኛው ውሃ

አማከለች መጀመሪያ የወደቀችው ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ነው። ገመዱን እንደያዘች ቁልቁል ተንሸራተተች። ዱጉማ ሮጦ ሲደርስ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

«ምን ያስሮጥሃል? ምድሪቱ ናት የዞረችው፤ እኔማ አለሁ» አለችው።

ባሏ አልሳቀም። ዱጉማ ድሮም ነገር አያበዛም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መቀመጫ አጣ። ከበር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር ይላል። እሷ ስትነሳ ይነሳል፣ ስትቀመጥ አይቀመጥም። የፉሪ ጎረቤቶች «ሽማግሌውን ምጥ ያዘው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

ለነገሩ በሽተኛው እሱ ነበር። አማከለች ከወገቧ ጎንበስ ብላ ስትሠራ የምትውል፣ ክኒን የሚባል በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ናት። የደም ግፊት የተገኘበት ዱጉማ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ሴና ያኔ ቁጭ አድርጋ መከረችው፦ ልብዎን ይጎዳል፣ ደም ሥርዎን ያደክማል፤ ጨው ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ይውሰዱ። «እሺ» አላት። ታላቅ ወንድሙ ኢሉ ክኒን በጀመረ በወሩ ነው የተቀበረው። ይህን ግን ለሴና አልነገራትም።

ግፊቱ አልወርድ ብሎ ዘንድሮ ክረምት ሲወጣ ክኒኑ በጠንካራ ተቀየረለት።

ጠዋት ጠዋት አማከለች በራዱን ትጥዳለች። ሻዩን በብርጭቆ ቀድታ፣ ክኒኑን መዳፉ ላይ አኑራ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች።

«ሳትውጥ ንቅንቅ አልልም።»

ክኒኑን አፉ ውስጥ ይጥላል፣ ሻዩን ፉት ይልበታል።

«ወረደ?»

«እም።»

የብርጭቆውን ጭላጭ ራሱ በራዱ ውስጥ ይመልሳል። የእናቱ ልማድ ነው፤ ጭላጭ ከተደፋበት ቤት በረከት አብሮ ይወጣል ትል ነበር። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ሐና ማርያም መንገድ ይወጣል። አማከለች ደግሞ በዚያው ቅጠል ላይ ውሃ ጨምራ መልሳ ታፈላና ያለ ስኳር ለብቻዋ ትጠጣለች። «የመጀመሪያው ውሃ ለምላስ፣ ሁለተኛው ለልብ» ትላለች።

ዱጉማ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሐሳቡ ዙሌካ ላይ አረፈ። ዙሌካ በግቢያቸው ጓሮ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ መካኒሳ ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት። ክረምቱ እንደወጣ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ከሁለተኛው ውሃ ጋር ያፍሉት። ለልብ ነው፤ ደም ሥር ይከፍታል ይላሉ።»

አማከለች ቀምሳ ፊቷን አኮማተረች። «ውይ፣ ይመራል!»

«መድኃኒት መች ጣፍጦ ያውቃል?» አለች ዙሌካ።

ማዞሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ደግሞም ባልና ሚስቱ ማንበብ ስለማይችሉ፣ የዱጉማን ክኒን ከመድኃኒት ቤት የምታመጣው ይችው ዙሌካ ናት።  አንድ ቀን ሚስቱ ሳታይ ፌስታሉን ቦይ ውስጥ ጣለው። ዙሌካ በማግስቱ ሌላ አመጣች።

አማከለች ሁለተኛ የወደቀችው ምድጃው አጠገብ ነው፤ ብርጭቆዋ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ዱጉማ ከእግር ጉዞው ሲመለስ ከንፈሯ ገርጥቶ፣ ግንባሯ በላብ ተነክሮ አገኛት። አልሳቀችም። ባጃጅ ጠርቶ አቅፎ ጤና ጣቢያ አደረሳት።

ሴና ክንዷን አስራ ለካች፣ ደግማ ለካች።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ምንም» አለ ዱጉማ።

«አባባ፣ ልባቸው ከሚገባው በላይ ዝግ ብሎ ነው የሚመታው። ግፊታቸውም ወርዷል። የግፊት ክኒን የወሰደ ሰው ነው የሚመስሉት።»

«ክኒን አታውቅም አልኩሽ።»

«እንግዲያው ከሚበሉት ከሚጠጡት ይፈልጉ። እንዲህ ከቀጠለ ልባቸው አይችለውም።» አማከለችን እዚያው አስተኝታ አሳደረቻት።

ዱጉማ ባጃጅም አልጠበቀ። በእግሩ እየሮጠ ሄዶ የዙሌካን በር ደበደበ።

«ምን አጠጣሻት?»

«ማንን? እማማን? ያ ረቢ፣ ምን ሆኑ?»

«ቅጠልሽን አፍዪ። ቅመሺ።»

ዙሌካ አየችው። ያገሩን ልማድ ታውቃለች፤ ሰው ሲጠረጠር አሳላፊው ይቀምሳል። አንድ እፍኝ ሽፈራው ከሻይ ቅጠል ጋር አፈላች፤ አጥቁራ ቀዳችና ፊት ለፊቱ ጨለጠችው። ዱጉማ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ትወድቅ እንደሆነ ጠበቀ። ልብሷን አጠፈች፣ ቤቷን ጠረገች፣ ሽሮዋን ሠራች።

«አባባ፣ ዛሬ የመውደቅ ሐሳብ የለኝም፤ እራት ይብሉ።»

«ክኒኑስ?»

ይሄኔ መጥረጊያዋን ጣለች።

«ክኒኑን አምጥቼ የማስረክበው ለማን ነው? ለእማማ። እማማ ደግሞ ለርስዎ። ከዚያ ወዲያ ያለው በርስዎ አፍና በሳቸው ዓይን መሀል ነው። እኔን እዚያ መሀል የት አገኙኝ?»

ዱጉማ ተነሳ።  ባርኔጣውን በርጩማው ላይ ረስቶ ወጣ።

አማከለች በማግስቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አንድ ሌሊት ሻይ ሳትጠጣ አድራ ፊቷ ወዝ ይዟል። ሲነጋ ተይ ቢላት እንቢ ብላ በራዱን ጣደች፤ ቀዳች፤ ክኒኑን መዳፉ ላይ አኖረች፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሳትውጥ ንቅንቅ አልልም።»

ክኒኑን አፉ ውስጥ ጣለው። ሻዩን ፉት አለ። ክኒኑን በምላሱ ሥር እንደያዘ ጭላጩን አየ፣ በራዱን አየ፣ እሷን አየ።

«ወረደ?»

ዱጉማ ዓይኑን ጨፍኖ ክኒኑን ዋጠው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።