ውሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ

የእስር ቤቱ ጠበቃ ስልኩን ማይኩ ላይ ደቅኖ የገዛ ድምፄን ያሰማኛል።

«ዘጠኝ ጠባቂ ነው የተረባረበባቸው። ጥጃ የሚያህል ውሻም ነበር። ጋሽ ወልደአምላክ ስምንቱን ዘርረው…» የታክሲ ሹፌሮቹ ሳቅ ይከተላል።

አናንዴል ከተማ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ተራ ለሚጠብቁ ሹፌሮች ያወራሁት ነው። አንዱ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው።

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ፌደራል ፍርድ ቤት፣ የሚስቅ የለም። ጋሽ ወልደአምላክ በእስረኛ ልብሳቸው ከጠበቃቸው ከሰሊና አጠገብ ተቀምጠው ያዩኛል። ማተቤን ቆረጠብኝ ብለው አንድ የእስር ቤት ጠባቂ ከሰዋል። ጠባቂው አልነካኋቸውም ብሏል። ያኔ አብሬያቸው ታስሬ ስለነበር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ካልታመንኩ ክሳቸው ገደል ገባ።

ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ሰሊና፣ «ንጉሡ፣ ኤክስትራ ነገር እንዳትጨምር፣ ኦኬ?» ብላኝ ነበር። «ጨው እንኳ አልጨምርም» አልኳት።

«አቶ ንጉሡ፣ ይህ የእርስዎ ድምፅ ነው?» ይላል አስተርጓሚው፣ ከጠበቃው ተቀብሎ።

«የኔ ነው።»

«ስለዚህ ዋሽተዋል?»

ምላሴን ይበላኛል። ውሻውን የሚያድን መልስ አለኝ፤ ብፈልግ ሁለት ቡችላ አስወልደዋለሁ። ጥርሴን ነክሼ እውጠዋለሁ።

«ውሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስምንቱንም ጠባቂዎች። ለአንድ ሰውና ለአንድ መቀስ ፀጉር ቤት ውስጥ ማን ጆሮ ይሰጣል?»

ጠበቃው ወደ ጁሪዎቹ ዞሮ ፈገግ ይልና ይቀመጣል። ሰሊና ትነሣለች።

«ያዩትን ብቻ ይናገሩ» ይለኛል አስተርጓሚው፣ በእሷ ፈንታ።

«አንድ ጠባቂ ነው። ማስቲካ ያኝክ ነበር። ጋሽ ወልደአምላክ አልታገሉትም። እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላቸው፣ ‹ፕሊስ› አሉት። መቀሱን ሲያወጣም ‹ፕሊስ› አሉት። ቆረጠው። ክሩን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎት ሄደ።»

«ሌላስ?»

ሁሉም ይጠብቃል። እንዲህ አጭር ወሬ አውርቼ አላውቅም፤ አፌ ውስጥ ገና ብዙ ቦታ አለ።

«ሌላ የለም» እላለሁ።

የጋሽ ወልደአምላክ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ባዶ አንገታቸው ይወጣል። ከጁሪዎቹ መሀል አንዲት ሴትዮ፣ ሳይታወቃት፣ የአንገት ሐብሏን ጨብጣለች።