የአሥር ሺህ ዓመቷ ምራት

ልጄ ምንትዋብ የጥንቱን የተፈጥሮ አካባቢና የሰው አኗኗር የምታጠና ምሁር ናት። በአዲሱ ሕግ የአንድን ዘመን ሰዎች የሚያጠና ሁሉ፣ ሥራውን እስኪጨርስ የሚበላው እነሱ የበሉትን ብቻ ነው። የእሷ ሰዎች ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ሐይቅ ዳር የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ዓሣና የሣር ፍሬ ትበላለች፤ ከመክሳቷ የተነሳ ቀሚሷን ሁለቴ አጥብቤላታለሁ። በርበሬ ከቀመሰች ጥርሷ ላይ የተለጠፈችው መሣሪያ ታሳብቅባታለች፤ የስምንት ዓመት ልፋቷም ይሰረዛል።

እሁድ ዕለት የእጮኛዋ እናት እትዬ አስካለ ሊተዋወቁን መጡ። ገና ገበታው እንደቀረበ ዶሮ ወጡን ጠቅልለው ወደ ምንትዋብ አፍ ዘረጉ።

"በሞቴ፣ ምራቴ!"

ልጄ አፏን ገጥማ እኔን አየችኝ። እምቢ ብትል ጋብቻው፣ እሺ ብትል ሥራዋ ሊቀር ነው። ደነገጥኩና አንገቴን አስግጌ ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት።

"ውይ! ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?" አሉኝ እትዬ አስካለ።

ምንትዋብ ከሳህኗ ዓሣ ቆርሳ፣ "እርስዎም በሞቴ" ብላ አጎረሰቻቸው። እትዬ አስካለ አላመጡ፣ አላመጡ።

"ልጄ፣ ጨው ረስተሻል።"

"አልረሳሁም፣ እማማ። እኔ ባለሁበት ዘመን ጨው ገና አልመጣም።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"ጥናቴን ስጨርስ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት።"

እትዬ አስካለ በውሃ አወራርደው ወደ እኔ ዞሩ።

"በይ እንግዲህ ሠርጉ ያኔ ይሁን። እኔ ጨው የሌለው ድግስ ላይ ዘመድ አልጠራም።"